ፍራሽ የተነጠፈለት ዘብ

አንዳንድ ዘመድ አለ፤ ሲፈልጉት መሬት ትውጠዋለች፣ ሳይፈልጉት መንገድ ላይ ይደቀናል። መሐንዲሷ ከእሑድ ጀምሮ ለአጎቷ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላ አንዴም አላነሱላትም። ማክሰኞ ጠዋት ግን፣ የጤና ጣቢያውን የክትባት ማቀዝቀዣ ልታይ በኮሪደሩ ስትጣደፍ፣ እኚያው አጎት ግድግዳ ሥር ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ቱታቸውን እንደለበሱ፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስልካቸው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሎ ይታያል። ደሟ ፈላ።

«ጋሼ!» አለች። ዝም። «ጋሼ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። አሁንም ዝም። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው! ከጎናቸው ዘንቢል ያቀፉ ወፍራም ሴትዮ በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጓቸው ነው ቀና ያሉት።

«ውይ፣ ሽቦ! ምን እግር ጣለሽ?»

«እኔን ሥራ ነው የጣለኝ። እርስዎስ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ሰውየው ቆባቸውን አንዴ አገላበጡት። «ጄኔሬተራቸውን ተመልከትልን ብለውኝ ነው።»

«ጄኔሬተሩ ጓሮ ነው ያለው ጋሼ። ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ጄኔሬተር የሚያይ ሰው አሁን ገና አየሁ።»

«እስኪከፍቱልኝ ነዋ!»

እዚያው ፊት ለፊቷ በሩ ላይ «የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ምርመራ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፏል። አንዴ ቀና ብላ ብታነበው የዚያን ቀን ጭቅጭቅ ግማሹ በቀረ ነበር። ምን ይደረግ፣ የተናደደ ሰው ፊደል አያይም።

መናደዷ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። አጎትየው የካርቶን ፋብሪካው የጥገና አለቃ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው ያዳምጡና «ይቺ ኩሽኔታ ሁለት ሳምንት ነው ያላት» ይላሉ። ኩሽኔታ ዘንጉ የሚሽከረከርባት ባለ ኳስ ቀለበት ናት፤ እሷ ከሄደች ሞተሩም አብሮ ሄደ። ሁለት ሳምንት ካሉ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው፣ ወለም ዘለም የለም። በዚህ የተነሳ ፋብሪካው ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ ጠፍቶ «ሐኪሙ» ሆነው ቀሩ።

የእህታቸውን ልጅ «ሽቦ» ያሏት እሳቸው ናቸው፤ ገና በሕፃንነቷ የቤቱን ሬዲዮ እየፈታች ሆዱን ስለምትዘረግፈው። አድጋም አልተወችውም። ከስድስት ዓመት በፊት ከጓደኛዋ ጋር፣ ከፎቶ ቤት ጀርባ በተከራዩት ክፍል፣ አንዷን ጠረጴዛ ለሁለት ተካፍለው መዳፍ የምታህል ሳጥን ሠሩ። ሳጥኗ ሞተር ላይ ትለጠፍና መንቀጥቀጡንና ሙቀቱን ትለካለች፣ የለካችውን በኢንተርኔት ትልካለች፣ ነገር ሲበላሽ ደግሞ የባለቤቱን ስልክ ታስጮኻለች። ደንበኛ «ዘብ» አላት፣ ዘብ ተብላ ቀረች። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ዘብ ተተከለ። ሽቦ በየሳምንቱ በእግሯ እየዞረች አምስቱንም በእጇ ትዳብስ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አሁን ዘቦቹ ዘጠኝ መቶ ደርሰዋል። ክፍሏም አዳራሽ ሆናለች፣ ሠራተኛውም አርባ ሞልቷል።

አሁን ደግሞ የከተማው ውሃ ድርጅት በስድስት መቶ ፓምፖቹ ሁሉ ላይ ዘብ ሊያቆም ፈልጎ «በትልቅ ፋብሪካ ለመሥራቱ የምስክር ደብዳቤ እስከ ሐሙስ አምጡ» ብሏል። ትልቁ ፋብሪካ የካርቶኑ ነው፤ ዘብ ከተተከለለት ሦስት ወሩ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ «ሐኪሙ ያልፈረመበትን እኔ አልፈርምም» አሉ። ሐኪሙ ደግሞ ስልክ አያነሱም! ከአርባዎቹ ሠራተኞች አሥራ ስምንቱ ይህን ሥራ ተማምና የቀጠረቻቸው ናቸው፤ ደብዳቤው ከቀረ እነሱም መቅረታቸው ነው። ይህን ተሸክማ ነው እንግዲህ ከአጎቷ ፊት የቆመችው።

«ጋሼ፣ ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው። አንዲት ፊርማ ናት የጠየቅሁዎት» አለች፣ ቁጣዋን ወደ ውስጥ እየመለሰች።

«የማላምንበትን አልፈርምም!» አሉ። ይህን ያሉት ደግሞ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ነው። ሴትዮዋ ዘንቢላቸውን ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሐኪም ቤት ነው።»

«ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። እውነቱን ልንገርሽ ሽቦ፤ ያ ሳጥንሽ ሦስት ወር ሙሉ ‹ደህና ነው› ከማለት በቀር ምን አለ? ጠዋት ደህና ነው። ማታ ደህና ነው። ደህና ነውማ እኔም እላለሁ፣ ያውም ያለ ኢንተርኔት!»

«ደህና ከሆነ ደህና ነው እንጂ ምን ይበል? ታምሟል ብሎ ይዋሽ?»

«ሞተር የሚናገረው ለሚያዳምጠው ነው። እኔ ለዚህ ጆሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ገብሬበታለሁ። እናንተ ታብሌታችሁን አንጠልጥላችሁ ትመጡና...»

«አሁን እኔ ጆሮዎን ነጠቅሁዎት?»

ይህን ስትል የሐኪሙ ፊት ክችም አለ። እሷ ልብ አላለችም። ንግግሯን ስታሟሽ የቆየች ሰው ስለሆነች የክትባት ክፍሉን ነርስ በበሩ በኩል ስታይ ጊዜ እጇን ይዛ አመጣቻት። «እሑድ ምን እንደሆነ ለአጎቴ ንገሪልኝ እስቲ።»

ነርሷ ሳቅ አለች። «እሑድ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ሳይነሳ ቀረ። እኔ ቤቴ ልብስ ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፋችሁት ዘብ ነው፤ እየሞቀ ነው አለኝ። እጄን እንኳ ሳላደርቅ ሮጬ መጣሁና ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጌ ወደ ሌላ ጣቢያ ላክሁት። ያ ባይኖር ሰኞ ጠዋት ሕፃናቱን ባዶ እጃችንን ነበር የምንቀበላቸው።»

ሐኪሙ የነርሷን አፍ ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና «ቆይ፤ ክትባቱን ያዳንሽው አንቺ ነሽ ወይስ ሳጥኑ?» አሉ።

«ሳጥኑ ጠራኝ፣ እኔ መጣሁ።»

«መጣሁ አለች! ሰማሽ ሽቦ? ያዳነው ሰው ነው!»

«ኧረ በፈጠረዎት! ሳትጠራ ትመጣ ነበር እንዴ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰሙም? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውስ ለማን ነው?»

«እኔ ሳልጠራም እመጣለሁ፤ እዚያው ነኛ!»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሽቦ እጆቿን ወደ ጣሪያው ሰቅላ አወረደችና ከነርሷ ጋር ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ገባች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትወጣ የአጎቷ ቦታ ባዶ ነው። ሴትዮዋ ዘንቢላቸውን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርገው አንዲት ጠንካራ ካርድ አቀበሏት።

«ጌታው ጥለውት ሄዱ። ተራቸው ደርሶ ሦስት ጊዜ ተጠሩ፤ ለመጨረሻ ጊዜ እኔ ነኝ የነካኋቸው። ብድግ አሉ፣ በሩን አዩት፣ አንቺ የገባሽበትን አዩት፣ ከዚያ ‹ሌላ ቀን› ብለው ወጡ። አባትሽ ናቸው?»

«አጎቴ ናቸው» አለች ሽቦ፣ ካርዱን ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ እየወረወረች። ‹ከእኔ መሸሻቸው ነው! ከዚህ በኋላማ እግር በእግር ነው› አለች በልቧ።

ፋብሪካው ውስጥ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በእጅ ነው። የካርቶኑ መስመር ከወዲያኛው ጫፍ ወረቀት እየዋጠ ከዚህኛው ጫፍ ካርቶን ይተፋል፤ በመሃል እንፋሎቱ ያፏጫል፣ ጥቅሉ ይንከባለላል፣ ቢላው ይወርዳል። የወረቀቱ ብናኝ ሰው ላይ እንዳይዘንብ ደግሞ ከላይ በብረት መድረክ ላይ የተቀመጠ ትልቅ መምጠጫ ማራገቢያ አለ፤ እሱ ብናኙን እየሳበ በቧንቧ ወደ ውጭ ይጥላል። የሽቦ ዘብ የተለጠፈው በዚህ ማራገቢያ ሞተር ላይ ነው። መድረኩ ላይ ከሐኪሙ በቀር የሚወጣ የለም። ማንም አልከለከለም፤ እንዲያው ልማድ ሆኖ የእሳቸው ማማ ሆኗል።

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሽቦ አጎቷን ፍለጋ ፋብሪካው መጣች፤ ደረጃውን ስትወጣ ሐኪሙ ደረሱባት፣ እሷ ግን ቀድማቸው ሞተሩ ጋ ደረሰች። አየችው። ዓይኗን ማመን አቅቷት ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው።

ዘቡ ሞተሩ ላይ አልነበረም። ዘቡ ፍራሽ ላይ ነበር! ሁለት ጣት የሚወፍር ስፖንጅ፣ በሹል ቢላ ልክክ ብሎ ተቆርጦ፣ በሞተሩና በሳጥኗ መካከል ተነጥፏል። ሳጥኗም እንዳትወድቅ ከአሮጌ ቺንጊያ በተቀደደ ጎማ በወጉ ታስራለች። ላይዋ ላይ የአቧራ ዘር የለም፤ በየቀኑ የሚወለውላት ሰው እንዳለ ያስታውቃል።

«ጋሼ! ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች።

«እ?»

«ይሄ! ይሄ!»

«ፍራሽ ነዋ!» አሉ ሐኪሙ፣ ምን ይገርማል በሚል ፊት። «ሞተሩ እኮ ይንቀጠቀጣል። ቀን ከሌት እንዲህ እየተንገጫገጨ ያ ስስ ዕቃ ይከርማል? ልጆችሽ የለጠፉ ቀን ማግሥት ነው ያነጠፍኩለት።»

ሽቦ የመድረኩ ብረት ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ ዘቡ የሚለካው እኮ መንቀጥቀጡንና ሙቀቱን ነው፤ ሁለቱም በፍራሽ አያልፉም! ዘብ ፍራሽ ከተነጠፈለትማ ይተኛል እንጂ ምን ያደርጋል? ሦስት ወር ሙሉ ደህና ነው፣ ደህና ነው ያለው ለዚህ ነው! እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ ተንኮል ይሠራሉ ብዬ...»

«ተንኮል?» ሐኪሙ ይህቺን ሰሟት፤ አፏን እያዩ ነበር። ካቻቢቴያቸውን ወለሉ ላይ ጣሉት። «እኔ ነኝ ተንኮለኛ? ዕቃው ያንቺ ነዋ! በእኔ ሞተር ላይ ተሰብሮ ‹የሽቦ ዕቃ ሦስት ቀን አይቆይም› እንዲባል ነው የምፈልገው? አላምንበትም፤ አለማመኔን በፊትሽ ነግሬሻለሁ። ግን ስምሽ እንዲጠፋ አልፈልግም። በገዛ ቤቴ ፍራሽ ነው የቆረጥኩት! ሚስቴ እስካሁን ትነጫነጫለች።»

ይህን የሰማ ሰው ይሳቅ ወይስ ያልቅስ? የሽቦ ያ ሁሉ ቁጣ መሬት አጥቶ ተንጠለጠለ።

«ምን እንደሚለካ ማንንም አልጠየቁም?» አለች።

«ማንን ልጠይቅ? ፈቃድ ላይ በነበርኩበት ቀን አራት ልጆች መጥተው ለጥፈው ሄዱ። ስመለስ የጠበቀኝ ‹አትንኩ› የሚል ወረቀት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዝኩትን ሞተር፣ አትንካ! አንቺስ የት ነበርሽ? ዱሮ ዘቦችሽ አምስት ሳሉ በየሳምንቱ እየዞርሽ ሰዉን ታስረጂ ነበር። ዘጠኝ መቶ ሲሆን ጊዜ ሰው መጠየቅ ቀረ።»

እውነት ነው፤ ዘቡ ከተተከለ ወዲህ መጥታ አታውቅም። ድርጅት ሲያድግ ባለቤቱ ከዕቃው እየራቀ ወደ ስክሪኑ እንደሚጠጋ የሚነግረው ሰው አያገኝም፤ ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ባይ ነው።

ጎማውን ፈታች፣ ፍራሹን አወጣች፣ ዘቡን ባዶው ብረት ላይ አስቀመጠችው። አሥር ሰከንድ አልሞላም፤ ስልኳ እጇ ላይ ጮኸ። ስክሪኑ ቀላ።

«ይዋሻል» አሉ ሐኪሙ። ካቻቢቴውን አንሥተው ጫፉን ኩሽኔታዋ ላይ፣ እጀታውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ አስደገፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። «ጤነኛ ናት። እንደ ሰዓት ነው የምትሄደው።»

ሽቦ እጇን ዘርግታ የኩሽኔታዋን ቤት ነካች፤ ነካችና «ውይ!» ብላ መዳፏን ወደ አፏ ወሰደችው። የተቃጠለ ግራሶ ይሸታል። ዙሪያውን፣ እጥፋቱ ሁሉ ላይ፣ ለመንደድ ሻማ የሚበቃው ደረቅ የወረቀት ብናኝ ተኝቷል። «ጋሼ፣ እባክዎን እጅዎን ያድርጉ።»

ሐኪሙ ጓንታቸውን አውልቀው ነኩ። ነኩና ፈጥነው ሳቡ። ፊታቸው ላይ ያለፈውን ነገር ሽቦ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ሄደው ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በቡጢ መቱት። ማራገቢያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቆመ፤ ተከትሎም መስመሩ በሙሉ ቆመ። ከታች ያለው ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

ያኔ ነው ሽቦ ቦርሳዋ ውስጥ የወረወረችው ካርድ ትዝ ያላት። አወጣችው። ቁጥር አሥራ ሰባት። የጆሮ ምርመራ። አሥራ አንዱ ስልክ፣ የሴትዮዋ ክርን፣ ነርሷ ስትናገር አፍ አፏን ማየታቸው፣ ሁሉም አንዴ መጣባት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች፤ አሁን ጸጥታ ስለነበር መጮህ አላስፈለጋትም። ግን ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች።

«ግራው ሦስት ዓመት። ቀኙ ሁለት» አሉ፣ ቆባቸውን አውልቀው። «ለማንም አልተናገርኩም። ጆሮው የጠፋ ሐኪም ማን ይፈልገዋል? ያንቺ ዘብ ደግሞ የሚሰማ ከሆነ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ደህና ነው ባለ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ከእኔ ጋር ስለሚስማማ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መስመሩ ለምን ቆመ ብሎ ደረጃውን የወጣው አንጋፋው ኦፕሬተር የመጨረሻዋን ቃል ሰምቶ ኖሮ፣ ራሱን እያከከ «አለቃ፣ እኛ እናውቃለን» አለ። «እርስዎ ‹ደህና ነው› ብለው ካለፉ በኋላ እኛ እየተከተልን በእጃችን እንነካለን። አንዳንዴም እናስተካክላለን። እንዳይከፋዎት ብለን ነው ዝም ያልነው። እዚህ ላይ ብቻ ነው የማንወጣው።»

እንግዲህ ተመልከት፤ አንዱ ለእህቱ ልጅ ስም አስቦ ፍራሽ ያነጥፋል፣ ሌሎቹ ለአለቃቸው ክብር አስበው እየተከተሉ ሞተሩን በእጃቸው ይነካሉ፣ ሁሉም በፍቅር ዝም ይላል፣ ከላይ ደግሞ እሳት ሊነሳ ነው! ይሄን ዓይነቱን ፍቅር ምን ልበለው?

«የብሎን መፍቻ አምጣ» አሉ ሐኪሙ ወደ ኦፕሬተሩ ዞረው።

ኩሽኔታዋን ፈቱ። ኳሶቹን የሚይዘው ቀለበት ተሰባብሯል፣ ግራሶው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ሐኪሙ በሁለት ጣታቸው አሽተው፣ አሸተቱት፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «ሁለት ዓይነት ግራሶ ተቀላቅሏል። ባለፈው የመጣው በርሜል ከዱሮው ጋር አይስማማም፤ አንዱ አንዱን ያቀልጠዋል። አየሽ እንዴት እንደተበጣጠሰ? ከዚያው በርሜል የቀባናቸው ሌሎች አራት ሞተሮችም አሉ። ዛሬውኑ መታጠብ አለባቸው።»

ሽቦ ስልኳን አነሣች። «ጋሼ፣ ይሄን ይዩልኝ። ቀይ ነው፣ ቁጥርም አለው፣ ይጮኻል። ስለ ግራሶ የሚል ነገር ያያሉ?»

«የለም።»

«ስለ ሌሎቹ አራት ሞተሮችስ?»

«የለም።»

«አይልማ! ዘጠኝ መቶ ዘብ አለኝ፤ አንዱም ግራሶ አሽቶ አያውቅም። ነርሷ ምን አለችዎት? ሳጥኑ ጠራኝ፣ እኔ መጣሁ። እርስዎ እኮ እዚያው ተከራክረው አሸንፈውኛል፤ ያዳነው ሰው ነው። ዘብ በር ላይ ቆሞ ይጮኻል እንጂ በሽተኛ አያክምም። ሐኪሙ ጆሮው ብቻ ከመሰለዎት፣ ይሄ ጣትዎስ የማነው?»

ሐኪሙ ግራሶ የነካ ጣታቸውን አዩት። ከዚያ በድንገት ቀና አሉና በተራቸው ቱግ አሉ፤ ቁጣቸው እንደ ዱሮው ስለነበር ኦፕሬተሩ ደስ አለው።

«ቆይ ቆይ፣ አንቺም አታመልጪም! የሚዞር ሞተር ሆኖ የማይንቀጠቀጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? የማይንቀጠቀጥ ሬሳ ብቻ ነው! ሦስት ወር ሙሉ ስክሪናችሁ ላይ ሬሳ እያያችሁ፣ ከአርባ ሰው አንድ ሰው ተነሥቶ ‹ምን ሆኖ ነው› አላለም?»

«አላለም» አለች ሽቦ። ፊቷ ጋለ። «እንዲያውም ‹እንዴት ያለ ጤነኛ ሞተር ነው› ብለን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።»

«ግድግዳ ላይ!» ሐኪሙ ራሳቸውን ያዙ። «የኔን ፍራሽ ነው እንግዲህ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት!»

ኦፕሬተሩ ነው መጀመሪያ የሳቀው። ከዚያ ሐኪሙ፣ ከዚያ ሽቦ፣ የተቃጠለ መዳፏን እንደያዘች፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ በጥገና ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤውን በእጃቸው ጻፉ። ፍራሹን ጻፉ፤ ሦስት ወር ማንም እንዳልጠየቃቸው ጻፉ፤ ዘቡ ባዶ ብረት ላይ በተቀመጠ በአሥር ሰከንድ እንደጮኸ ጻፉ፤ የራሳቸው ጆሮ እንዳልሰማም ጻፉ። ሽቦ ስታነበው ላብ አሰመጣት።

«ጋሼ፣ ስለ ፍራሹ ብንተወውስ? ውሃ ድርጅቱ ምን ይለናል?»

«የማላምንበትን አልፈርምም ብዬሽ ነበር። አሁን አምኛለሁ፤ ያመንኩት ደግሞ ይሄን ነው። ከፈለግሽ ውሰጂው፣ ካልፈለግሽ ተይው። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ ልጄ፤ የፓምፕ ጠባቂዎቹም ፍራሽ ያነጥፋሉ። ቤታቸው ፍራሽ የለም መሰለሽ?»

ወሰደችው። እሷም በበኩሏ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ቁጥር አሥራ ሰባት የሚለውን የምርመራ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሞተሩ ላይ ዘብ ካመኑ፣ ጆሮዎም ላይ ይመኑ።»

ሥራ አስኪያጁ ከሐኪሙ በታች ፈረሙ፤ የውሃ ድርጅቱ ሰዎችም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት ይባላል። ስድስት መቶውን በአንድ ጊዜ አልሰጡም፤ መጀመሪያ ሁለት መቶ አሉ፣ እያንዳንዱም የፓምፑ ጠባቂ ቆሞ እያየ፣ ገብቶት፣ በገዛ እጁ እንዲለጥፈው አሉ። ሽቦ ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ለሁሉም ደንበኛ ደንብ አደረገችው። አሥራ ስምንቱ ሠራተኞችም ከሥራቸው አልተፈናቀሉም። ሥራው ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ዘግይቶ የተተከለው ዘብ ደግሞ ተነቅሎ አልተመለሰም።

ጥቅሙን በአፍ ካልነገርከኝ አልረካም ለሚል ልንገረው። ማራገቢያው አልተቃጠለም። አራቱ ሞተሮች ታጥበው ዳኑ። ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ ከነፕላስቲኩ የተቀመጠው የጆሮ መከላከያ ወጥቶ ለሠራተኛው ሁሉ ታደለ፤ ሐኪሙ ራሳቸው እየዞሩ፣ «አልለብስም» ያለውን እየተቆጡ ነው ያስለበሱት። «እኔ ‹ጆሮዬን ደፍኜ ሞተሬን በምን ልስማ› እያልኩ ነው ጆሮዬን የበላሁት፤ አሁን ሞተሩን የሚሰማልህ ዘብ አለ፣ አንተ ጆሮህን ለልጆችህ አስቀምጥ» ይላሉ። የሽቦ መሐንዲሶች ደግሞ በየሰኞው ስክሪናቸውን ትተው ወደ ፋብሪካው ይመጣሉ፤ ሐኪሙ እየተራገሙ ግራሶ ያስሸትቷቸዋል። ከግድግዳው ላይ የሞተሩ ሥዕል ወርዶ በቦታው አንድ ቁራጭ ስፖንጅ በሚስማር ተመትቷል። እንግዳ ሁሉ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም ይነገረዋል።

አንድ ቀን፣ ከወር በኋላ፣ ሽቦ ከአዳራሿ ሆና ለአጎቷ ደወለች። እንደ ልማዷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ለመደወል ተዘጋጅታ ነበር። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሣ።

«አቤት ሽቦ!»

ደነገጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ምነው ዝም አልሽ? ጉሮሮሽን ስትጠርጊ እኮ በዚህ ጆሮዬ ላይ ባስገቡልኝ መስሚያ ሰምቼሻለሁ» አሉ ሐኪሙ። «ደግሞ ከኋላሽ ያ ማራገቢያ ምንድን ነው የሚንሿሿው? ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። ቶሎ አስፈትሺው።»